ይብቃ የተባለችው እኅቴ

ስሜ ሱዌ ነው፤ በእኛ ቋንቋ መጨረሻ ማለት ነው። ያገሬ ሰው ይህን ስም ሲሰማ፣ በተወለድኩ ቀን የአባቴ ፊት ምን ይመስል እንደነበር ሳልነግረው ይገባዋል።

አባታችን ወንድ ልጅ ነበር የሚፈልገው። መጀመሪያ ኪኑ መጣች፤ ሐር ብሎ አወጣላት። ቀጥላ ኢቶ መጣች፤ ክር አላት። እስከዚያ ድረስ ብዙም አልከፋውም። ሐርና ክር ለሴት ልጅ የሚያምሩ ስሞች ናቸው። ሦስተኛዋም ሴት ስትሆን ግን አዋላጇን "ደከመሽ" እንኳ ሳይላት ማጭዱን ይዞ ወደ መንደሪን ተክሉ ወጣ ይባላል። ሲመለስ ገና በራፉ ላይ ቆሞ "ቶሜ በሏት" አለ። ማቆሚያ ማለት ነው። ሴት ልጅ እዚህ ላይ ይቁም፣ ይብቃን ማለት ነው።

ልጆቼ፣ በዚያ ዘመን ይህ እንደ ክፋት አይቆጠርም ነበር። በእኛ መንደር ብቻ ስንት ቶሜ ነበረች። ውሃ ጉድጓዱ ዘንድ አንዷ ስትጠራ ብዙ ራስ ነበር ቀና የሚለው።

ችግሩ አለመቆሙ ነው። ከቶሜ በኋላ እኔ መጣሁ። አባታችን፣ ማቆሚያው ካልሠራ ብሎ፣ እኔን መጨረሻ አለኝ። ከእኔ በኋላ በስንት ስለት ካናሜ ተወለደ፤ ምሰሶ ማለት ነው። ለእሱ ስም አባታችን ከመነኩሴው ጋር ተማክሮ፣ ባለትርጉም ፊደል አስመርጦ፣ የፊደሉን ጭረት ሁሉ አስቆጥሮ ነው የመጣው። የቶሜና የእኔ ድምፅ ብቻ እንጂ ትርጉም በሌለው በተራው የድምፅ ፊደል ተመዘገበ። ይብቃ ለማለት ማን ፊደል ይመርጣል?

አያታችን፣ አፈሩ ይቅለላትና፣ እኔ ባለቀስኩ ቁጥር የምትቆጣው ቶሜን ነበር። "አንቺ ሥራሽን ብትሠሪ ኖሮ ይህቺ ከየት ትመጣ ነበር?" ትላታለች። እየሳቀች ነው የምትላት፤ ግን ትላታለች። ቶሜ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ሥራዋ ምን እንደሆነ አታውቅም። ዝም ብላ እኔን ታዝልና ጓሮውን ትዞራለች። እስክተኛ ድረስ ከጀርባዋ አታወርደኝም ነበር አሉ።

ትምህርት ቤትም አልተዋትም። ወንዶቹ በሩጫ መጥተው አጠገቧ ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ። "ኧረ ማቆሚያዋ አቆመችን!" ብለው ይንከተከታሉ። አድጋ ባል ስታገባ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ወለደችና ማኅፀኗ በዚያው ዝም አለ። አማቷ ምን ትላለች መሰላችሁ? "ስሟ አባቷ ቤት እምቢ ብሎ እኛ ቤት ሲደርስ ሠራ።" ቶሜ ይህን ከማጀት ሆና ሰምታለች። ሩዙን ማጠቧን አላቋረጠችም። እኔ ያን ቀን ልጠይቃት ሄጄ አብሬያት ስለነበርኩ ነው የማውቀው።

አሁን የሁለታችንም ባሎች ካረፉ ቆይተዋል። በባሕሩ ፊት ለፊት ባለው ዳገት ላይ፣ በአባታችን ቤት ውስጥ አብረን እንኖራለን። ኪኑም ኢቶም የሉም። ምሰሶው ካናሜ ኦሳካ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ ለአዲስ ዓመት ካርድ ይልካል። መንደሪኑ ላይኛው እርከን ድረስ ነበር፤ ጉልበታችን እንቢ ሲል ላይኛውን ለዱር አሳማ ተውንለት፤ ቀጥሎ መካከለኛውን። ቶሜ ማለዳ ተነስታ ወደ ላይ ቀና ብላ ታያለች፣ "ደከመኝ" ትላለች፣ ሻይ ታፈላለች። ቀናችን የሚጀምረው እንዲህ ነው።

እንዲህ ባለንበት ነው ቴሌቪዥኑ ያን ካርቱን ያመጣው።

ካርቱኑን እኔም አይቼዋለሁ፤ ግማሹ አይገባኝም። ቀይ ሻሽ ያሰረች አንዲት ልጅ አለች። እጇን ስትዘረጋ የሚመጣው ሁሉ ይቆማል፤ ፍላጻ ቢሆን፣ ዘንዶ ቢሆን፣ የናዳ ድንጋይ ቢሆን። ስሟ ቶሜ ነው። ማን እንዳሰበው እንጃ፣ ደራሲው ከአንዲት አሮጊት መቃብር ላይ አንብቦት ይሆናል። ብቻ አገሩ በሙሉ አበደ። የልጅቷ ፊት በቦርሳ፣ በካልሲ፣ በቢስኩት ላይ ወጣ። መጽሔቱ ሁሉ "ያረጁ የአያቶች ስሞች ተመለሱ" እያለ ይጽፋል። "ትርጉሙም፣ ጽኑ፣ የማይበገር" ይላል። እኔ ይህን ጮክ ብዬ ሳነብላት ቶሜ መነጽሯን አወለቀች።

"ማን ነው የማይበገረው?" አለችኝ።

"አንቺ ነሻ፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ይምጡና ጉልበቴን ይዩልኝ።"

ታች ወደብ አጠገብ ካለችው ሱቅ ልንገዛ ስንወርድ ደግሞ የመንደሩ ልጆች ይጠብቋታል። ብዙ አይደሉም፤ መንደራችን ውስጥ ልጅ እየተመናመነ ነው። ሻሽ አስረው በሩጫ ይመጣሉ።

"እማማ ቶሜ! እውነተኛዋ ቶሜ! አቁሚን!"

"እናንተ ልጆች፣ ብትጥሉኝ ማን ያነሳኛል?"

"አቁሚና! አንዴ ብቻ!"

እሷም የያዘችውን ሽንኩርት ለእኔ ሰጥታ እጇን ትዘረጋለች። ልጆቹ ቀጥ ይላሉ፣ ይንጫጫሉ፣ ደስ ብሏቸው ይበተናሉ። ያው የድሮው ጨዋታ ነው ልጆቼ፤ የድሮዎቹ ወንዶች የተጫወቱባት። አንድ ቀን ዳገቱን ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀምጣ አረፈች።

"ያኔ ሲስቁብኝ አለቅስ ነበር፤ ዛሬ ሲወዱኝ ደከመኝ" አለች። "በነፃ የተሸከምኩትን እነሱ ቢስኩት ላይ ይሸጡታል። ይሁን። ቢስኩት ይበላል፣ ያልቃል።"

የቶሜ ልጅ ልጅ ናጊሳ ለመውለድ ወደ እኛ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ሆዷ ሲገፋ ወዳደገችበት ቤት መምጣት የአገራችን ወግ ነው፤ ናጊሳ ደግሞ ያደገችው ቶሜ እጅ ላይ ነው። እናቷ፣ የቶሜ አንድያ ልጅ፣ ናጊሳን ገና በጨቅላነቷ "ሥራ ላግኝና መጥቼ እወስዳታለሁ" ብላ ትታት ሄደች። ሌላ ባል አገባች፣ አልመጣችም። ከዚያ በላይ ስለሷ የምናገረው የለኝም።

ናጊሳ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ባለው ክሊኒክ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ጠጉሯ እንደ ጃርት የቆመ፣ ቡጢዋን የማትፈታ ናት። የናጊሳ ባል ታኩቶ ከከተማ በባቡር እየተመላለሰ፣ ሁልጊዜ ኬክ ይዞ፣ ሁልጊዜ ይቅርታ እየጠየቀ ይመጣል። ደግ ልጅ ነው። ስልኩ ላይ የዚያች ባለሻሽ ልጅ ሥዕል አለ።

አንድ ቀን ቶሜ ገላዋን ስትታጠብ ናጊሳ ሕፃኗን እያጠባች "እማማ ሱዌ፣ ጠጋ በይ" አለችኝ። "ስሟን መርጠናል። ለአያቴ እንዳትነግሪያት! በሰባተኛው ቀን ራሷ በብሩሽ ስትጽፈው ነው የምታውቀው።"

"ማን ልትሏት ነው?"

"ቶሜ።"

"በዚያ በካርቱኑ ነው?" አልኳት።

"ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው" አለችና ሳቀች። "ታኩቶ በካርቱኑ ነው የወደደው፣ እውነት ነው። እኔ ግን የማውቀው ከካርቱኑ በፊት ነው። ማሚ ሄዳ ያልተመለሰች ጊዜ ሌሊት ሌሊት አልተኛም ነበር አይደል? አንድ ቀን አያቴን፣ አንቺም ትሄጃለሽ? አልኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? እኔ ስሜ ቶሜ ነው፤ ቶሜ ማለት የሚሄደውን ይዞ ማስቀረት ማለት ነው፤ እኔ ራሴ ቀሪ ነኝ፣ የትም አልሄድም። እናቴ ልጆች እየሞቱባት ስትቸገር፣ ይህቺ ትቅርልኝ ብላ ነው ያወጣችልኝ አለችኝ።"

እውነት ነው፣ ቃሉ በእኛ ቋንቋ ሁለት ፊት አለው። ማቆምም ነው፣ ይዞ ማስቀረትም ነው። እናታችን ግን ልጅ ሞቶባት አያውቅም። ስሙንም እናታችን አላወጣችውም።

"ሌላ ስም አላሰባችሁም?" አልኳት፤ ድምፄ ለራሴም አልጣመኝ።

"ለምን? አስጠላሽ?"

"ኧረ እኔን ምን ያስጠላኛል። ያረጀ ነው ብዬ ነው እንጂ።"

"ያረጀ ነው የሚወደደው አሁን" አለች፤ ሕፃኗን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረች። ፊቷ በደስታ በርቶ ነበር። የአያቷን ሐሰት እኔ የምገልጠው በምን አቅሜ ነው?

በማግስቱ ቶሜ በረንዳው ላይ የደረቀውን ትንንሽ ዓሣ ራስ ራሱን እየቀነጠሰች ሳለ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሾርባ የሚወጣው ከዚያ ነው፤ ራሱ ከገባ ይመራል።

"እትዬ፣ እነዚህ ልጆች ሕፃኗን ማን ይሏት ይሆን?"

"እኔ ምን አውቄ። የዛሬ ልጆች እንደሆኑ ጨረቃ፣ ሙዚቃ፣ ምን የማይሉት አለ።"

"የአንቺን ቢሏትስ?"

ቶሜ ከት ብላ ሳቀች። ዓሣው ከእጇ ወደቀ።

"ምን በድላ?" አለችኝ።

እኔም አንድ እፍኝ ዓሣ ወስጄ አብሬያት ቀነጠስኩ።

ሰባተኛው ቀን ደረሰ። ስም የሚወጣው ያን ቀን ነው። ወጉ ማታ ነበር፤ እኛ ግን ማታ ስለምናንቀላፋ በቀትር አደረግነው። ታኩቶ ሙሉ ቀይ ዓሣ ይዞ መጣ፤ በጨው ጠበስነው። በቀይ አደንጓሬ የበሰለውን ሩዝ እኔ ሠራሁ። ዝቅተኛውን ጠረጴዛ የአባታችን ፎቶግራፍ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ዘረጋን። ቶሜ የክት ልብሷን ለበሰች። ነጩን ወረቀት አንጥፋ፣ ቀለም መፍጫውን ድንጋይ አውጥታ፣ ቀለሙን በውሃ እየፈጨች ተቀመጠች። በመንደራችን ከእሷ የተሻለ እጅ ያለው የለም። በበዓል ፋኖሶች ላይ የሚጻፈውን ሁሉ የምትጽፈው እሷ ናት። ብሩሽ ስትይዝ ጀርባዋ ይቃናል።

"በሉ እንግዲህ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ" አለች።

ናጊሳ ሕፃኗን አቅፋ ቀረብ አለች። "መጀመሪያ፣ መብራት የሚለው ፊደል።"

ቶሜ ጻፈችው። እንዴት ያለ መብራት እንደሆነ ብታዩት!

"ቀጥሎ፣ ቡቃያ።"

ቶሜ ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረች። "መብራትና ቡቃያ" አለች፣ ለራሷ። "ያምራል። እንዴት ነው የሚነበበው? የዘንድሮን ስም እኮ ባለቤቱ ካልነገረሽ አታነቢውም።"

ናጊሳ ፈገግ አለች። ታኩቶን አየችው፤ እኔን አየችኝ። እኔ ሩዙን አየሁ።

"ቶሜ" አለች።

"አቤት" አለች እኅቴ።

ታኩቶ ሳቀ። ናጊሳም ሳቀች። ቶሜ ግን ማን እንደጠራት ግራ ገብቷት ዞር ዞር አለች። በስሟ ብቻ የሚጠራት ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው! እኔ እትዬ እላታለሁ፤ የመንደሩ ልጆች እማማ ሳይሉ አይጠሯትም። ከዚያ ወረቀቱን አየች። መብራቱን አየች። ቀስ ብሎ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት። ከብሩሹ ጫፍ አንድ ጠብታ ቀለም መብራቱ አጠገብ ወደቀ፤ አላየችውም።

"አልጽፍም" አለች።

"እጅሽ ነው አያቴ? ደከመሽ?"

"እጄ ደህና ነው።"

ታኩቶ ተንበርክኮ እንደተቀመጠ ወደ ፊት አጎነበሰ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ ግን እኮ በጣም የተወደደ ስም ነው። መሥሪያ ቤት ስነግራቸው ሁሉም ቀኑብኝ። ጽኑ፣ የማይበገር ማለት ነው።"

"ልጄ፣ አንተ በቴሌቪዥን ነው ያየኸው" አለች ቶሜ። አልተቆጣችም። ድምፅዋ ከሩቅ ዳገት ወርዳ እንደመጣች ሴት ነበር። "ስሙን ያወጣው ሰውዬ ያውና፣ ከራስህ በላይ ተሰቅሏል። ሦስተኛዋም ሴት ናት ሲሉት ይብቃ አለ። ቶሜ ማለት ይብቃ ነው። ሴት ልጅ አንፈልግም ማለት ነው።"

ታኩቶ ወደ ፎቶግራፉ ቀና አለ፤ ወዲያው ደግሞ አቀረቀረ። ከዚያ ቀና አላለም።

ናጊሳ ወደ አያቷ ዞረች። "አንቺ እኮ... ይዞ ማስቀረት ነው ብለሽኛል።"

"ብዬሻለሁ።"

"የሞቱት ልጆች፣ እናትሽ፣ ይህቺ ትቅርልኝ..."

"እያለቀስሽ ነበር። በዚያ ሌሊት ምን ልበልሽ? አባቴ አልፈለገኝም ልበልሽ? እንድትተኚ ብዬ ነው።"

"ተኛሁ እኮ" አለች ናጊሳ።

ይህን ስትል ቶሜ ብሩሹን መፍጫው ላይ አስቀመጠችው።

"ተኛሁ፣ አያቴ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ተኛሁ። ያንን ስም ነው ለልጄ የምሰጣት፤ የሰውዬውን አይደለም። የጻፍነውም መብራትና ቡቃያ ብለን ነው።"

"ስትጽፉት መብራት ነው" አለች ቶሜ። "ስትጠሩት ግን ያው አባቴ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ሕፃኗን ቶሜ፣ ቶሜ ስትዪ እኔ የምሰማው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ይብቃ፣ ይብቃ ነው የምሰማው። ገና ወር ላልሞላት ልጅ።"

"አንቺ ብቻ አይደለሽም እኮ የስሙ ባለቤት! አሁን የሁሉም ሆኗል።"

"ይሁን። ውጭ ያሉት ይጠሩበት፣ አይከፋኝም። ከእኔ ወደ ዘሬ ግን አይለፍ።" አንገቷን ደፋች። "ይህ ስም አባቴ ቤት እንቢ አለኝና ተሰደብኩበት። ባሌ ቤት ሳልፈልግ ሠራብኝ። አሁን አንድ ጊዜ እንኳ እኔ በፈለግኩት ቦታ ይሥራልኝ። እኔ ላይ ይቁም። ደከመኝ ናጊሳ።"

ናጊሳ ሕፃኗን ይዛ ተነሳች። "የነበረኝን አንድ ነገር ነው የወሰድሽብኝ" አለችና ወደ ጓዳው ገብታ ተንሸራታቹን በር ዘጋችው። በሩ ወረቀት ስለሆነ ልቅሶዋ ይሰማል።

ታኩቶ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። "እማማ ሱዌ" አለኝ በሹክሹክታ፣ "ዓሣውን ላሙቀው ወይስ ልተወው?"

"ተወው ልጄ። ዓሣውም ይጠብቅ።"

ቶሜ የጻፈችውን ወረቀት በሁለት እጇ አንስታ መብራቱ ወደ ላይ እንደሆነ ወደ ጎን አስቀመጠችው። "ክፉ ሠራሁ?" አለችኝ።

"አላውቅም እትዬ" አልኳት። እውነቴን ነው፤ አላውቅም ነበር።

ጓዳ ገባሁ። ናጊሳ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች፤ ሕፃኗ ጭኗ ላይ ቡጢዋን ጨብጣ ተኝታለች። አጠገቧ ለመቀመጥ ጉልበቴ ጊዜ ፈጀብኝ፤ እያለቀሰችም እጇን ሰጥታ ደገፈችኝ።

"ስለ እኔ ልንገርሽ" አልኳት። "እኔ ባልመጣ ኖሮ የአያትሽ ስም በሠራ ነበር። በእኔ ምክንያት ነው የተሰደበችው። ልጅ ስለነበረች ልትጠላኝ ትችል ነበር። ቆንጥጣኝም አታውቅ። ስታዝለኝ አድጌ እግሬ መሬት ይነካ ነበር እኮ፤ አውርጃት ሲሏት ትንሽ ቆዩ ትላቸዋለች። አንቺንም ያሳደገችሽ እንደዚያው ነው። ያ ሁሉ የስሙ ሥራ አልነበረም ልጄ። ስሙ ሌላ ነበር ሥራው። የእሷ ነው።"

ናጊሳ በሕፃኗ መጠቅለያ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። "ታዲያ እኔ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ሳምን ነበር።"

"የነገረችሽ ሐሰት ነበር። የትም አልሄድም ማለቷ ግን... ሄዳለች?"

"አልሄደችም።"

ከወደቡ የጀልባ ድምፅ ይመጣል። ቆይታ ናጊሳ ተነሳች፣ እኔንም አነሳችኝ፣ በሩን ከፈተች። ቶሜ በክት ልብሷ እዚያው ተቀምጣለች። ታኩቶ ሻይ አፍልቶ ቀድቶላታል፤ አልነካችውም።

ናጊሳ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለች። ዓይኗ አብጧል፤ ንዴቱም ገና ከፊቷ አልወረደም። "እሺ" አለች። "አንቺ ማን መባል ትፈልጊ ነበር?"

"እኔ?"

"አዎ፣ አንቺ።"

ቶሜ ግራ ገባት። ሰማንያውን አልፋ ይህን የጠየቃት ሰው የለም። ሻዩን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። "እንጃ" አለች። "ምንም የማይል። ራት ደርሷል ሲሉ የሚጠሩበት ብቻ። ልጅቷን ይህን ሁኚ፣ ያን አድርጊ የማይላት።"

"ትርጉም የሌለው ስም?" አለ ታኩቶ፣ ስልኩን እያወጣ። "ልፈልግ እችላለሁ።"

"ሚዮ ብትባልስ?" አለች ናጊሳ።

ታኩቶ ጫን ጫን አደረገ። "በባሕር ላይ የመርከብ መንገድ ይላል።"

"ሂጂ ማለት አይደል እንዴ" አለች ቶሜ። "ገና መጣች እኮ።"

"ናኦ?"

"ቀጥተኛ፣ ሐቀኛ።"

"እሱም ትእዛዝ ነው። ትንሽ ብትዋሽ ምናለ?" አለችና ቶሜ ወዲያው ናጊሳን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። ናጊሳ ሳትፈልግ አፏ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ሽው አለ፤ ሳቅ ነው ለማለት አልደፍርም።

እኔ ደግሞ ከየት እንዳመጣሁት ሳላውቅ "ሪኖ" አልኩ።

ታኩቶ ፈለገ። "በዚህ ፊደል ቢጻፍ አበባ፣ በዚያኛው ቢጻፍ ጥበብ..."

"በድምፅ ፊደልስ?" አለች ናጊሳ።

"በድምፅ ፊደል ብቻ ከሆነ..." ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። "ምንም። ምንም አይልም።" ከዚያ ፈራ ተባ እያለ፣ "ግን ይቅርታ፣ በፈረንጅ አፍ አውራሪስ ይመስላል" አለ።

"ይምሰላ" አለች ቶሜ። "አውራሪስን ማን ይገፋዋል? በል ያን ስልክ ዝጋው፤ ሌላ ሳያወጣባት።"

ናጊሳ ሕፃኗን እያየች ስሙን ብዙ ጊዜ ለራሷ አለችው። የምትወደውን ስም ከውስጧ ማውጣት ቀላል አልነበረም፤ ይታያል። በመጨረሻ "ጻፊው" አለች።

ታኩቶ አዲስ ወረቀት አነጠፈ። ቀለሙ ደርቆ ስለነበር ቶሜ ውሃ ጨምራ እንደገና ፈጨችው። ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ የሚማረው ዓይነት። ያንን ለመጻፍ ከመብራቱ ይልቅ ብዙ ቆየች። የሁለተኛው ፊደል ጫፍ ትንሽ ተጣመመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀዳ ትጥለው ነበር። አሁን ተወችው።

ከዚያ ወደ ሕፃኗ ጎንበስ ብላ "ሪኖ" ብላ ጠራቻት።

ሕፃኗ ንቅንቅ አላለችም። ተኝታለች።

"ጥሩ ነው" አለች ቶሜ። "ምንም አላዘዝኳትም።"

ናጊሳ ሕፃኗን አንስታ አያቷ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠቻትና ምንም ሳትናገር ዓሣውን ልታሞቅ ወደ ማጀት ሄደች። ከማጀት ሆና "እማማ ሱዌ፣ ሩዙም ቀዝቅዟል እኮ!" ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ገና የልቅሶ ነበር። ላግዛት ተነሳሁ።